መንገድ በሥራው ይለያል

ሰው ስለ መንገድ ሲያወራ «ይኸኛው አስፋልት ነው፣ ያኛው ጠጠር ነው» ይላል። ይህም አንድ መለያ ነው። የመንገድ ባለሙያዎች ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት ሌላ ነገር ነው። «ይህ መንገድ ሥራው ምንድን ነው? ከየት ተነሥቶ የት ያደርሳል?» ብለው ይጠይቃሉ። በዚህ መልክ የአገራችን መንገዶች በአምስት ደረጃ ይከፈላሉ።

ነገሩን በአንድ ጭነት እንየው። በጉና ተራራ አካባቢ ያለ ገበሬ ድንች አመረተ እንበል። ድንቹን ከማሳው በአህያ ጭኖ በእግር መንገድ ያወጣል። ቀጥሎ መኪና የሚገባበትን የቀበሌ መንገድ ያገኛል። ይህ ቀበሌን ከቅርብ ገበያ የሚያገናኝ መንገድ መጋቢ መንገድ ይባላል። መጋቢዎቹን የሚቀበልና ትንንሽ ከተሞችን የሚያያይዝ ሰብሳቢ መንገድ ነው። ከሱ ከፍ ያለው ዋና መዳረሻ መንገድ ይባላል። ከዚያ በላይ አገናኝ መንገድ አለ። ከወልድያ ተነሥቶ በደብረ ታቦር አልፎ ወረታ የሚወርደው መንገድ አገናኝ ነው። ድንቹም በዚሁ ወርዶ ወረታ ላይ ዋናውን መንገድ ያገኛል። ዋናው መንገድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር አድርጎ ጎንደር ይገባል። ወደ ትልልቅ ከተሞችና ወደ ጎረቤት አገር ድንበር የሚዘልቁት ሁሉ ዋና መንገዶች ናቸው። ፈረንጆቹ ይህን ደረጃ «ግንድ» ይሉታል፤ ደኅና ስም ነው።

መንገዶቹ መለያ ፊደልና ቁጥር አላቸው። የአዲስ አበባ ጎንደር መንገድ «ኤ 3» ሲሆን፣ የወልድያ ወረታው «ቢ 22» ነው።

አብዛኛውን ጊዜ በዋና መንገድ ላይ በቀን 1,000 መኪናና ከዚያ በላይ ያልፋል። በመጋቢ መንገድ ላይ ግን ቢበዛ 100 ነው። ቢሆንም ደረጃን የሚወስነው የመኪናው ብዛት ብቻ አይደለም። በቀን 100 መኪና ብቻ የሚያልፍበት ዋና መንገድ ሊኖር ይችላል። ወደ ድንበር የሚያደርስ ከሆነ ሥራው ያው የዋና መንገድ ሥራ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ መለየት ለምን አስፈለገ? የዋና መንገድ ሥራ ማሳለፍ ነው፤ የመጋቢ መንገድ ሥራ ደግሞ ደጅ ድረስ ማድረስ ነው። ሁለቱን ሥራ አንድ መንገድ እኩል ሊሠራ አይችልም። በየሜዳው መግቢያ የበዛበት፣ ገበያ የቆመበት፣ ከብት የሚነዳበት መንገድ መኪናን በፍጥነት ሊያሳልፍ አይችልም። ላሳልፍ ቢል ደግሞ ሰው ይገድላል። ብዙ ከተሞቻችን ግን በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድረው የበቀሉ ናቸው። እህል የሚሰፈረው፣ ልጆች የሚሻገሩት በከባድ መኪና መሐል ነው። ገበያን ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ በትንሽ መንገድ ማገናኘት ይሻል ነበር።

«ለቀበሌያችንም አስፋልት ይገባዋል» የሚል አይጠፋም። እኔን ብትጠይቁኝ፣ በቀን ሃያ መኪና ለሚገባበት መጋቢ መንገድ ከአስፋልት በፊት የሚያስፈልገው ጥሩ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ ቱቦና ድልድይ ነው። መጋቢው በሐምሌ በአንድ ጅረት ከተቆረጠ ወረታ ያለው አስፋልት ለገበሬው ምን ይረባዋል? ነጋዴው መኪና እንደማይገባ ያውቃልና ዋጋ ይሰብራል። ድንቹስ ይቆይ፤ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ስትወጣ አምቡላንሱ ከጅረቱ ማዶ ቆሞ ይጠብቃል።

በአገራችን የመንገድ ሥራን የሚመራ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነው። በ1989 ዓ.ም. የነበረው የመንገድ ርዝመት 26,550 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ያን ጊዜ ከአገሪቱ ስፋት 79 በመቶው ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ታስቦ ሥራ ተጀመረ።

ደረጃውን ማወቅ የት መሄድ እንዳለብን ለማወቅም ይጠቅማል። ዋናና አገናኝ መንገዶች በፌዴራል መንግሥት እጅ ናቸው። መጋቢ መንገዶችን የሚመለከቱት ግን ክልሉና ወረዳው ናቸው። የቀበሌው መንገድ ቱቦ ቢደፈን ለአዲስ አበባ ማመልከቻ መጻፍ ቀን ማባከን ነው፤ ወረዳው ጋ መሄድ ነው እንጂ። ቦዩን አርሶ ማሳው ውስጥ የሚጨምር ጎረቤት ካለ ግን ወረዳም አያሻውም፤ ክረምቱ ሳይገባ የቀበሌው ሰው ተሰብስቦ ይነጋገርበት።

አዲስ መንገድ ሊቀየስ ባለሙያ ሲመጣም የሚጠይቀው ይኸንኑ ነው። ስንት አባወራ አለ? የገበያው ቀን መቼ ነው? ጤና ጣቢያው በየት በኩል ነው? የትኛው ጅረት በክረምት ስንት ቀን ይዘጋል? የመጨረሻውን ጥያቄ ከመንደሩ ሰው በቀር የሚመልሰው የለም። ጅረቱ የሞላባቸውን ቀናት ከሰኔ እስከ መስከረም በደብተር ጽፎ መያዝ ይቻላል።