የሰፈሩ መስመር ሲታጠብ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

የውሃ ዋና መስመር በታጠበ ቀን ከቧንቧ የሚወርደው ጠላ ይመስላል። በቧንቧው ሆድ ውስጥ ለዓመታት የተኛ የብረት ዝገት፣ ማንጋኒዝና ደለል አለ። ሠራተኞች የመስመሩን ማጠቢያ ሲከፍቱ ውሃው ከወትሮው ፈጥኖ ስለሚሮጥ ያን ሁሉ ይቀሰቅሰዋል። አብዛኛው በመውጫው ይሄዳል፤ ቀሪው በየቆጣሪው አልፎ ግቢ ይገባል። ውሃ በፈረቃ የሚደርሰን አዲስ አበቤዎች ይህን ቀለም ያለ እጥበትም እናውቀዋለን፤ ባዶ የሰነበተ መስመር ሲሞላም ዝገቱ ይነሳል።

1. ከእጥበቱ በፊት። የመጠጥ ውሃ ንጹሕ ጀሪካን ውስጥ ቅዱና ክደኑ። ከዚያ ወደ ሮቶ የሚያስገባውን ቫልቭ ዝጉ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ኋላ ላይ ዋጋ የሚያስከፍለውም ይኸው ነው። ቧንቧ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ፈሶ ያልቃል፤ ሮቶ ውስጥ የገባው ግን ከታች ተኝቶ አዲስ ውሃ በገባ ቁጥር ይነሳል። መገላገያው ሮቶውን አራግፎ ማጠብ ብቻ ነው። እጥበቱ እስኪያልቅ የሮቶውን ውሃ ተጠቀሙ። ሮቶ ከሌላችሁ የሙቅ ውሃ ቧንቧ አትክፈቱ፤ ደለሉ ቦይለር ውስጥ ይቀራል።

2. ውሃው ሲመለስ። ለቆጣሪው የሚቀርበውን የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ፣ አብዛኛውን ጊዜ የግቢውን፣ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። መጀመሪያ አየር እየተፋ ይመጣል (ቆጣሪውን የሚያሽከረክረው አየርም ነውና በኃይል አትልቀቁት)። የደፈረሰውን በባልዲ ያዙት፤ ለሽንት ቤት ይሆናል። ሩብ ሰዓት ያህል ፈሶ ካልጠራ ዝጉትና ከአንድ ሰዓት በኋላ ሞክሩ።

3. በብርጭቆ እዩት። ነጭ ሆኖ ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፤ አያሳስብም። ቡናማ ብዙውን ጊዜ ዝገት ነው፤ ጥቁር ደግሞ ማንጋኒዝ ሊሆን ይችላል። የፍሳሽ ሽታ ካለው ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ አትጠጡት፣ ምግብም አትሥሩበት፣ ወዲያው አመልክቱ።

4. የግቢው ሲጠራ የወጥ ቤቱንና የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ክፈቱ። አፋቸው ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ፈትታችሁ በብሩሽ እጠቡ። የሮቶው ቫልቭ የሚከፈተው ከዚህ በኋላ ነው።

5. ለመጠጥ። «ካፈላሁት ምን ይለዋል?» የሚሉ አሉ። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ዝገት አያወጣም። የደፈረሰ ውሃ ክሎሪንንም ይበላዋል። ስለዚህ ሌላ ውሃ ከጠፋ መጀመሪያ እንዲጠል ተዉት፣ ከላይ ያለውን በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉ፣ ከዚያ አፍሉት፤ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ የክሎሪን ማከሚያ በመመሪያው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ነጭ ልብስ በዚያ ቀን አይታጠብ። ነጠላው ቡናማ ነጠብጣብ ካወጣ በረኪና አታስነኩት፤ ክሎሪን የዝገትን ቀለም ያጸናዋል። ሳይደርቅ ነጩን ክፍል በሎሚ አሽታችሁ በጠራ ውሃ አለቅልቁት።

በማግስቱም ካልጠራ በ906 ደውላችሁ ለውሃና ፍሳሽ አስመዝግቡ። የጎረቤትም ደፍርሶ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የእናንተ ብቻ ከሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከቆጣሪ ወዲህ ባለው በራሳችሁ ቧንቧ ነው፣ የሚጠራውም የቧንቧ ሠራተኛ ነው።