ያልተመለሰውን የሚያሳይ መዝገብ



ትኩሳት የጠናበት ሰው ራሱ ወደ ጤና ጣቢያ ይሮጣል። በድባቴ የተያዘ ሰው ግን ሕመሙ ሲብስበት ከቤት መውጣት ያቅተዋል፤ «ምን ይረባኛል» ብሎም ሕክምናውን ይተዋል። ስለዚህ የቀረውን የሚፈልግ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር በዚህ ሥራ እንዴት እንደሚረዳ እንመልከት።

1. መለካት። በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ አለ፤ ወደ አማርኛም ተተርጉሞ በኢትዮጵያ ተፈትኗል። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ኀዘንና የመሳሰሉትን ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። በብዙ ቦታ 10ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ጠለቅ ያለ ምርመራ ይደረግለታል።

2. መከታተል። ነጥቡና ቀጠሮው በየጊዜው በኮምፒዩተር ይመዘገባል። መዝገቡም ማን እንደ ቀረ፣ የማን ነጥብ እንዳልቀነሰ ለይቶ ያሳያል። ነርሷ ለቀረው ትደውላለች፤ የአእምሮ ሐኪሙ ደግሞ ዝርዝሩን አይቶ ሕክምናው መለወጥ ያለበትን ሰው ይጠቁማል።

3. ፍሬው። በዚህ መንገድ የተደረገ ጥናት በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ታትሟል። በ18 ክሊኒኮች ዕድሜያቸው 60ና ከዚያ በላይ የሆነ 1,801 ሰዎች ተካፈሉ። ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲህ ክትትል ከተደረገላቸው ከመቶው 45 ያህሉ ሕመማቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀለለ፤ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ግን ከመቶው 19 ያህሉ ብቻ። ፍሬው የመሣሪያው ብቻ አይደለም፤ መሣሪያው ያሳያል፣ ሰው ይጠይቃል፣ ሐኪም ያክማል።

4. ጥንቃቄ። ዘጠነኛው ጥያቄ ሞትን ስለ መመኘትና ራስን ስለ መጉዳት ነው። መልሱ 0 ካልሆነ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሰውየውን ብቻውን ሳይተዉ ከጤና ባለሙያ ጋር ማገናኘት ይገባል። የመዝገቡም ምስጢር ይጠበቅ። የታማሚው ስም ያለ ፈቃዱ፣ ለጸሎት ተብሎ እንኳ፣ በጉባኤ አይጠራ።

መብራትና ኮምፒዩተር በሌለበት የተሰመረ ደብተር ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ በየሳምንቱ ተገልጦ የሚነበብ ከሆነ።

ለውይይት

ሀ. በእኛ ፕሮጀክት ቀጠሮው ያለፈበትን ሰው ስም በየሳምንቱ የሚያነብ ማን ነው?

ለ. ስልክ የሌለውን ሰው ምስጢሩን ሳናወጣ ቤቱ ሄዶ የሚጠይቀው ማን ይሁን?