የቤትዎን ኤሌክትሪክ የመረመረው ሰው ማን ነው?

ሰሜን ለንደን የሚኖሩ አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል። «ከሁለት ልጆቼ ጋር በኪራይ ቤት እኖራለሁ። አከራዬ ጋሼ እያልኩ የማከብራቸው የአገሬ ሰው ናቸው። ሰሞኑን ኤሌክትሪኩን የሚያይ ሠራተኛ ልከው ነበር። ሠራተኛው የብሬከር ሳጥኑን ከፈተ፣ በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ የጣድኩት ጀበና ሳይፈላ ወጥቶ ሄደ። ጋሼም ‹ተመርምሯል፣ አታስቢ› አሉኝ። ወረቀት ግን አላየሁም። ሰውየው ለዚህ ሥራ የሚበቃ መሆኑን በምን አውቃለሁ? መጠየቅስ መብቴ ነው ወይ?»

መብትዎ ነው። እንዲያውም ሕጉ እርስዎ እስኪጠይቁ አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የግል ኪራይ ቤቶች የኤሌክትሪክ ደኅንነት ደንብ በኢንግላንድ ያለ የግል አከራይ የቤቱን የኤሌክትሪክ መስመር ቢዘገይ በየ5 ዓመቱ ብቃት ባለው ሰው እንዲያስመረምርና እንዲያስፈትሽ ያስገድደዋል። የምርመራውን ሪፖርት ቤቱ ውስጥ ላለው ተከራይ በ28 ቀን ውስጥ፣ ለአዲስ ተከራይ ደግሞ ገና ሳይገባ መስጠት አለበት። ስለዚህ «ተመርምሯል» የሚለው ቃል ብቻውን ግዴታውን አይወጣለትም። (ስኮትላንድና ዌልስ የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው እዚህ የምጽፈው ስለ ኢንግላንድ ብቻ ነው።)

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብቃት የሚለው ላይ ነው። በኢንግላንድ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ መንግሥት የሚሰጠው የሙያ ፈቃድ የለም። ማንም ተነሥቶ መኪናው ላይ «ኤሌክትሪሺያን» ብሎ ቢጽፍ የሚከለክለው ሕግ የለም። ደንቡም የዲፕሎማ ስም አይጠራም፤ የሚለው ምርመራውን፣ ሙከራውንና ከዚያ የሚከተለውን ጥገና በደረጃው መሠረት ለመሥራት ብቃት ያለው ሰው ይሁን ነው። ደረጃው ቢ ኤስ 7671 የሚባለው የሽቦ ዝርጋታ መመሪያ ነው። ሕጉ ፈቃድ ስላልደነገገ ሰውየው ብቁ መሆኑን የማጣራቱ ሸክም የወደቀው በአከራዩ ላይ ነው። መንግሥት ለአከራዮች ያወጣው መመሪያ ሁለት መንገድ ያሳያል። አንደኛው፣ መርማሪው እንደ ኤን አይ ሲ ኢ አይ ሲ ወይም ናፒት ባለ የተመዘገቡ ባለሙያዎች ማኅበር ውስጥ መኖሩን ማየት ነው። ሁለተኛው፣ ልምዱን፣ የኃላፊነት ኢንሹራንሱን፣ እንዲሁም በሥራ ላይ ባለው የሽቦ መመሪያና በምርመራና ሙከራ የያዘውን የብቃት ማስረጃ ዘርዝሮ እንዲፈርም ማድረግ ነው። በሙያው ውስጥ በብዛት የሚታወቀው የምርመራና ሙከራ ማስረጃ ሲቲ ኤንድ ጊልድስ 2391 የሚባለው ነው።

ሶኬት መግጠምና የተገጠመውን መመርመር ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች መሆናቸውን አከራዮችም ተከራዮችም ቢገነዘቡልኝ እወዳለሁ። በእንግሊዝ ቤቶች የሶኬት መስመር አብዛኛውን ጊዜ የተዘረጋው በቀለበት ነው። ሽቦው ከብሬከር ሳጥኑ ወጥቶ ሶኬቶቹን ሁሉ ያዳርስና እዚያው ሳጥን ተመልሶ ይገባል። ጭነቱ በሁለት አቅጣጫ ስለሚከፈል 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ በ32 አምፒር ብሬከር ይጠበቃል። ቀለበቱ አንድ ቦታ ላይ ቢበጠስ ሶኬቶቹ እንደወትሮው መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ ማንም ምንም አያውቅም። ብሬከሩ የሚጠብቀው 32 አምፒር እስኪያልፍ ነው፤ ሽቦው ግን ያን ሁሉ በአንድ ወገን እንዲሸከም አልታሰበም፣ ግድግዳው ውስጥ ሊግል ይችላል። ይህን ዓይን አያየውም፣ የስልክ ካሜራም አያነሳውም። የሚገኘው መብራት ጠፍቶ፣ የሽቦዎቹ ጫፍ ከብሬከሩ ተፈትቶ በመሣሪያ ሲለካ ብቻ ነው። ሽቦው የለበሰው ፕላስቲክ መድከሙ የሚታወቀውም እንዲሁ በ500 ቮልት ተሞክሮ ነው፤ ሰው በኤሌክትሪክ ሲያዝ መስመሩን የሚቆርጠው አር ሲ ዲ መሥራቱም የሚታወቀው በሚሊሰከንድ ውስጥ መቁረጡ ተለክቶ ነው። ጀበና ሳይፈላ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ሪፖርቱ እጅዎ ሲገባ ኢ አይ ሲ አር የሚባለው ይህ ወረቀት ራሱ ብዙ ይነግርዎታል። የመርማሪው ስም፣ የድርጅቱ ስም፣ ማኅበር ውስጥ ከተመዘገበም የምዝገባ ቁጥሩ፣ ፊርማና ቀን መኖር አለባቸው። ስሙን ከማኅበሩ ድረ ገጽ ያመሳክሩ፤ ለተከላ ብቻ ሳይሆን ለምርመራና ሙከራም መመዝገቡን ይጠይቁ። ከዚያ እያንዳንዱ መስመር የተለካበትን ሠንጠረዥ ያግኙ። ቁጥር የሌለበት፣ ወይም መስመሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር የተሞላበት ሠንጠረዥ ማብራሪያ ያስጠይቃል። ያልተመረመሩ ክፍሎች የሚዘረዘሩበትም ቦታ አለ። ምክንያት ሳይሰጥ ግማሹ ቤት እዚያ ከተጻፈ ምርመራው የተሟላ አይደለም።

ለሚገኙ ጉድለቶች ምልክት ይሰጣቸዋል። ሲ1 አሁኑኑ የሚጎዳ፣ ሲ2 ሊጎዳ የሚችል፣ ኤፍ አይ ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልገው ነው። ከነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ውጤቱ «አጥጋቢ አይደለም» ይሆናል፤ አከራዩም በ28 ቀን ውስጥ፣ ሪፖርቱ አጭር ቀን ከወሰነም በዚያ ውስጥ ማሠራት አለበት። መሠራቱንም ብቃት ያለው ሰው በጽሑፍ ማረጋገጥና ጽሑፉ ለእርስዎ መድረስ ይኖርበታል። ሲ3 የማሻሻያ ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም።

እንዴት ይጠየቃል? የአገር ሰው፣ ያውም ታላቅ፣ ይሉኝታ እንደሚይዝ አውቃለሁ። ግን አክብሮትና ጽሑፍ አይጣሉም። እንዲህ ብለው በስልክ መልእክት ይላኩ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። የኤሌክትሪኩን ምርመራ ስላስደረጉልን አመሰግናለሁ። ሕጉ ሪፖርቱ ለተከራይ ይሰጥ ስለሚል ቅጂውንና የመርማሪውን የምዝገባ ቁጥር ቢልኩልኝ።» መልእክቱን አያጥፉት፤ መጠየቅዎን የሚያስረዳልዎ እሱ ነው። ለአከራዩም ቢሆን ውለታ ነው፤ ብቃት በሌለው ሰው ሪፖርት ተማምኖ ቤት የሚያከራይ ሰው ምርመራ ካላስደረገ ሰው ብዙ አይለይም።

መልስ ካጡ ወደ ካውንስልዎ የግል ኪራይ ቤቶች ክፍል ይጻፉ። ካውንስሉ ሪፖርቱን በጽሑፍ ሲጠይቅ አከራዩ በ7 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት። ግዴታውን ካልተወጣ ካውንስሉ ያስጠነቅቀዋል፣ ጥገናውን ራሱ አሠርቶ ወጪውን ሊያስከፍለው ይችላል፤ ደንቡ ሲወጣም እስከ 30,000 ፓውንድ የሚደርስ ቅጣት ይዞ ነው የወጣው። ከዚህ ተለይቶ የ1985ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 11 የቤቱን የኤሌክትሪክ መስመር በደህና ሁኔታ መያዝን የአከራዩ ግዴታ ስላደረገው፣ በቀጥታ ፍርድ ቤት መክሰስም ይችላሉ። «ብናገር ያስወጡኛል» ለሚሉ፣ የ2025ቱ የተከራዮች መብት ሕግ ያለምክንያት በማስጠንቀቂያ ማስወጣትን የሚያስቀረው ከሜይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ነው።

ደንቡ የማይሸፍናቸውም አሉ። ከአከራዩ ጋር ኩሽና ወይም መታጠቢያ እየተጋሩ በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች በዚህ ደንብ መጠየቅ አይችሉም፤ ከወገን ቤት አንድ ክፍል ይዘው የሚኖሩ ብዙዎች ስለሆኑ ይህን ሳልጠቅስ አላልፍም። የካውንስልና የቤት ማኅበራት ተከራዮች ግን ከኖቬምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለአዲስ ኪራይ፣ ከሜይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለነባሩ ደንቡ ደርሶላቸዋል።

ምርመራው የሚመለከተው ግድግዳ ውስጥ ያለውን መስመር፣ ሶኬቱን፣ መብራቱንና የብሬከር ሳጥኑን ነው። ፍሪጅ፣ ማጠቢያ፣ ምጣድ አይገቡበትም። ጁን 14 ቀን 2017 በግሬንፌል ሕንፃ 72 ሰዎች ያለቁበት እሳት የተነሣው 4ኛ ፎቅ ላይ ካለ ኩሽና፣ ከፍሪጅ ነበር፤ ከሟቾቹ መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆችም ነበሩ። ከአከራይ የተሰጠዎትን ዕቃ ለብቻው አስፈትሹልኝ ማለት ተገቢ ነው። በማኅበራዊ ቤቶች ላይ የተዘረጋው አዲሱ ደንብ አከራዩ ራሱ ያቀረባቸው ዕቃዎችም እንዲፈተሹ ያዛል።

ከአገር ቤት ሙያውን ይዘው መጥተው በዚህ የሚሠሩ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ሲያነቡ ቅር እንዳይላቸው። እጃችሁ የሠለጠነ መሆኑን አልጠራጠርም። የቀለበት መስመር ግን የእንግሊዝ ልማድ ነው፤ ደረጃውም የዚህ አገር ነው። በቢ ኤስ 7671 እና በምርመራ ሳትፈተኑ የዘመድን ቤት ሪፖርት አትፈርሙ። በ1989ኙ የሥራ ቦታ ኤሌክትሪክ ደንብ መሠረት በቂ ዕውቀት ወይም ልምድ የሌለው ሰው ያለተቆጣጣሪ አደጋ ያለበትን የኤሌክትሪክ ሥራ መሥራት የለበትም፤ በሐሰት የተጻፈ ሪፖርትም ፈራሚውን ያስጠይቃል።

እውነተኛው መርማሪ ሲመጣ ደግሞ እርስዎም ያስገቡት። አከራዩ አስቀድሞ አሳውቆ ተከራዩ እምቢ ካለ፣ የተቻለውን ሁሉ ያደረገ አከራይ ጥፋተኛ አይባልም። መብራት ለሰዓታት ሊጠፋ ስለሚችል የፍሪጁንና የልጆቹን ነገር አስቀድመው ያስቡ፤ የብሬከር ሳጥኑና ሶኬቶቹ ያሉበትን ቦታ ያስለቅቁ፤ ሲጨርስም ስሙንና የምዝገባ ቁጥሩን ይጻፉ።