ስለ ክብ መጋዝ አመራረጥና አያያዝ

በደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት ዐጤ ቴዎድሮስ የብረት ሥራ ያቋቋሙባት ስፍራ እንደ ሆነች የታወቀ ነው። ሰባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1859 ዓ.ም. ገደማ የተሠራው በዚያ ነው። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነበርና ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ድረስ እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ስለ ጋፋት የሚናገር ሰው ሁሉ ብረቱን ሲያነሣ እንጨቱን ይረሳል፤ መድፉ ግን የሄደው በሠረገላ ነው፤ ሠረገላም ያለ አናጢ እጅ አይቆምም።

በዚያ ዘመን ግንድ የሚሰነጠቀው በክንድ ኀይል ነበር። መጋዙ በደነዘ ጊዜ ክንድ ይደክማልና ሰውየው ወዲያው ያውቀው ነበር። ዛሬ በደጋው አገር ባሕር ዛፉንና ጥዱን የሚሰነጥቀው ሞተር የሚያዞረው ክብ መጋዝ ነው። ሞተር ድካሙን ለሰው አይናገርም፤ የመጋዙም ጉድለት እስኪሰበር ድረስ ተሰውሮ ይቈያል። ስለዚህ ባለመጋዙ ክንዱ ይነግረው የነበረውን በዓይኑና በጆሮው መፈለግ ይገባዋል።

ክብ መጋዝ ዐዲስ ነገር አይደለም፤ ሳሙኤል ሚለር የተባለ እንግሊዛዊ በ1777 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መብቱን አስመዝግቦበታል። መጋዝ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ የሥራውን ዐይነት ይለይ። ግንድን በርዝመቱ ለመሰንጠቅ ጥርሱ ጥቂት፥ ወደ ፊትም ያዘነበለ፥ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ጎድጓዳ ሰፊ የሆነ መጋዝ ይሻላል። አግድም ለመቍረጥ ወይም ደረቅና ጠንካራ እንጨት ለመሥራት ግን ጥርሱ የበዛ፥ ማዘንበሉም ያነሰ ይፈለጋል። ሰጋቱራ ከእንጨቱ ከተቈረጠ በኋላ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ጎድጓዳው ጠባብ ከሆነ ሰጋቱራው መውጫ አጥቶ ከመጋዙ ጎን ጋራ ይፋተጋል።

የመጋዙም ውፍረት ቀላል ነገር አይደለም። የመጋዙ መንገድ 6 ሚሊሜትር፥ ሳንቃው 25 ሚሊሜትር ቢሆን፥ ለእያንዳንዱ ሳንቃ ከሚሄደው 31 ሚሊሜትር እንጨት 6ቱ ሰጋቱራ ይሆናል፤ ይህም ከ5 ግንድ አንዱን ወደ ጥራጊ እንደ መጣል ነው። ዛፍ ባነሰበት አገር ቀጭን መጋዝ መምረጥ ይመሰገናል፤ ነገር ግን በጣም የቀጠነ መጋዝ ሲሞቅ ይወላገዳልና ልኩን ማለፍ አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው የፍጥነት ነገር ነው። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው የሒሳብ ጥያቄ ሊያደርጉት ይችላሉ። ወርዱ 1 ሜትር የሆነ መጋዝ በደቂቃ 900 ጊዜ ቢዞር፥ ጥርሱ በሰከንድ 47 ሜትር ያህል ይሄዳል። ትልቅ የብረት መጋዝ በሚሠራበት ጊዜ መካከሉ በመዶሻ ተመትቶ ጥቂት እንዲላላ ይደረጋል። ሲዞር ዳሩ ይለጠጣልና በታሰበለት ፍጥነት ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፍጥነቱ ሲያንስ ወይም ሲበዛ ግን ይንቀጠቀጣል፤ ቁርጡም ይጠማል። ደብረ ታቦር 2700 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። አየር በግድ የማይገባለት የናፍጣ ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከኀይሉ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያጣልና፥ በዚያ አገር ሩቡን ያህል ያጣል ማለት ነው። ቈላ ላይ በቂ የነበረ ሞተር በደጋው ላይ ግንዱ ሲገባበት ይዝላል፤ ፍጥነቱም 900 የነበረው 700 ይሆናል። ባለቤቱ መጋዙን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የመጋዙ አይደለም። ግንዱን ቀስ አድርጎ መግፋት ወይም የሚበልጥ ሞተር ማግኘት እንጂ፥ በመጋዙ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት አሳልፎ ማዞር ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

መጋዝ መደንዘዙን ሰጋቱራው ይናገራል። ስለታም ጥርስ ፍርፋሪ ያወጣል፤ የደነዘ ጥርስ ግን እንጨቱን ስለሚያሽ የላመ ዱቄት ያወጣል፥ የመቃጠል ሽታም ይመጣል። በብረቱ ላይ ሰማያዊ ምልክት ከታየ እሳት ነክቶታል፤ በዚያ ስፍራም ያለው የብረቱ ጥንካሬ ተለውጧል። ሲሳል የጥርሶቹ ቁመት ሁሉ እኩል ይሁን፤ ግራና ቀኝ የሚያዘነብሉት የጥርሶቹ ጫፎች ብቻ ይሁኑ፤ የጎድጓዳው ሥር ግን ክብ እንጂ ማዕዘን አይኑረው፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከማዕዘን ነውና። ስንጥቅ የታየበትን መጋዝ ለዛሬ ብቻ ብሎ ማሠራት ሰው መግደል ነው። ጥርሱ ላይ ካርባይድ የተለጠፈበት መጋዝ ስለቱ ብዙ ይቈያል፤ ነገር ግን ምስማር ወይም ድንጋይ ሲነካው ይሰበራል፥ የሚሳለውም በአልማዝ ድንጋይ ነው። በመሬት ላይ የተጎተተ ባሕር ዛፍ ልጡ ውስጥ አሸዋ ይይዛልና፥ ሳይላጥ ወይም ሳይታጠብ ወደ መጋዝ አይቅረብ።

ባሕር ዛፍ ሌላም ጠባይ አለው። ሲያድግ በውስጡ የታመቀ ጉልበት ስላለ፥ በተሰነጠቀ ጊዜ ሁለቱ ወገን ተመልሶ መጋዙን ሊያንቀው፥ ሳንቃውንም ወደ ሠራተኛው ሊወረውረው ይችላል። ስለዚህ ከመጋዙ በስተኋላ የተሰነጠቀውን የሚያራርቅ ብረት ይቆም፤ ሠራተኛውም በመጋዙ ትይዩ ሳይሆን ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ይቁም።

በጎኑ ላይ የተጋገረ ሙጫ፥ ሞተሩ ጠፍቶ መጋዙ ከተፈታ በኋላ፥ በነጭ ጋዝ በራሰ ብሩሽ ይታጠባል። የታጠበው መጋዝ ደርቆ ዘይት ይቀባል፤ ግድግዳ ተደግፎ ይጎብጣልና በመካከሉ ቀዳዳ በወፍራም እንጨት ላይ ይሰቀላል።