የአሠራር ገለጣ፤ ርጥብ ቆዳ በኮርቻ እንጨት ላይ

ባለፈው ትምህርት የአንድን ዕቃ መልክ የሚገልጽ አንቀጽ ጽፋችኋል። አሁን የምንመለከተው ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳውን የገለጣ ዓይነት ነው። በዚህ ዓይነቱ ገለጣ ጸሐፊው አንድ ነገር ቢዘነጋ ጉዳቱ በድርሰቱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ጽሑፉን አምኖ ሥራውን የሚሞክር ሰው ቆዳውንም ድካሙንም ያጣል።

ለምሳሌ ኮርቻን እንውሰድ። በአርሲ ደጋ ፈረስ ለገበያ ብቻ ሳይሆን ለሠርግና ለለቅሶም ይጫናል። የኮርቻው ውስጡ እንጨት ነው፤ እንጨቱን አጥብቆ የሚይዘው ግን ከላይ የሚለብሰው ጥሬ ቆዳ ነው። የሚከተለውን አንቀጽ አንብቡ።

«ሠራተኛው ጠጉሩ የተፋቀውን ጥሬ የበሬ ቆዳ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ ያሳድረዋል። በማግስቱ ቆዳው እንደ ጨርቅ መታጠፍ ሲጀምር አውጥቶ፣ ውሃውን አንጠፍጥፎ በኮርቻው እንጨት ላይ ይዘረጋዋል። ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር እየሳበ በጉብታውና በጎድጓዳው ላይ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል። ጠርዙንም በወስፌ በስቶ በርጥብ ጠፍር ይሰፋዋል። ከዚያም ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ያስቀምጠዋል።»

የግሦቹን አካሄድ አስተውሉ። «ነክሮ»፣ «አውጥቶ»፣ «አንጠፍጥፎ»፣ «በስቶ» ቦዝ አንቀጾች ናቸው፤ ከማሠሪያ አንቀጹ አስቀድሞ የተፈጸመውን ድርጊት በየተራው ያሳያሉ። «ሰፍቶ ይነክረዋል» ብትሉ በሰዋስው በኩል ስሕተት የለበትም፤ ሥራው ግን ከንቱ ይሆናል፤ እንደ ጣውላ ድርቅ ያለ ጥሬ ቆዳ በእንጨቱ ላይ አይታጠፍምና። «እየሳበ ይጫነዋል» የሚለው ደግሞ ሁለቱ ድርጊቶች በአንድነት እንደሚከናወኑ ያስረዳል። «ስቦ ይጫነዋል» ቢባል ኖሮ ሌላ አሠራር በሆነ ነበር።

አንቀጹ ቅደም ተከተሉን በሚገባ ጠብቋል። የጎደለው ምክንያት ነው። ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተቀመጠችው በአሰላ፣ በክረምት ቆዳ ቶሎ አይደርቅም። «ጥላ ሥር» የተባለበትን ምክንያት ያልተረዳ አንባቢ ትዕግሥቱ ሲያልቅ ኮርቻውን ወደ ምድጃው ማስጠጋቱ አይቀርም። ቆዳ እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ ጥቃቅን ክሮች ስብስብ ነው። ውሃ በክሮቹ መካከል ሲገባ እንደ ልብ ስለሚንሸራተቱ ቆዳው ይሳባል፤ ውሃው ቀስ በቀስ ሲለቅ ክሮቹ ይጣበቃሉ፤ ቆዳውም ተኮማትሮ እንጨቱን ጨምቆ ይይዛል። ነገር ግን ርጥቡ ጥሬ ቆዳ 60 ድግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ከሞቀ ክሮቹ ይጨማደዳሉ፤ ዳግመኛ ቢነከርም ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም። ስለዚህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር «እሳት ርጥቡን ቆዳ ስለሚያጨማድደው ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ያስቀምጠዋል» ቢባል የተሻለ ነበር። «ስለ» የምትለው አንዲት ቃል ኮርቻውን ታተርፈዋለች።

ሁለተኛው ጥንቃቄ በቃል ምርጫ ላይ ነው። «ቆዳ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ለኮርቻው እንጨት ጥሬ ቆዳ ሲያስፈልግ፣ ለሽጉጥ አፎትና ለቢላዋ ሰገባ የሚመረጠው የለፋ ቆዳ ነው። እርሱም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። በዛፍ ልጥ የለፋው ረጥቦ በሽጉጡ ላይ ከተጫነ የሽጉጡን መልክ ይዞ ይደርቃል። በፋብሪካ በክሮም የለፋው ግን ሲደርቅ ቅርጹን እምብዛም አይጠብቅም። ከአሰላ ወደ አዲስ አበባ ስትጓዙ የምታገኟት ሞጆ በቆዳ ፋብሪካዎቿ የታወቀች ናት።

ለነገሩ፣ «ለፋ» የሚለው ግሥ ሰው ሲደክምም ቆዳ ታሽቶ ሲለሰልስም ማገልገሉ የሚያስገርም ነው። «ፋቂ» የሚለው ቃል ደግሞ «ጸሐፊ» ከ«ጻፈ» እንደወጣ ሁሉ ከ«ፋቀ» የወጣ የባለሙያ ስም ሆኖ ሳለ ለረጅም ዘመን መስደቢያ ሆኖ ኖሯል። ሙያውን የናቀ ጸሐፊ የሙያውን ምስጢር አልጠየቀም፤ ስለ ኮርቻ ጌጥ የሚያወሳ እንጂ ስለ ቆዳው አነካከር የሚያስረዳ ጽሑፍ ማግኘት የሚያስቸግረውም በዚህ ይመስላል።

መልመጃ

በአካባቢያችሁ ወደሚገኝ ቆዳ ሠሪ፣ ሸክላ ሠሪ ወይም ሸማኔ ሄዳችሁ አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተመልከቱ። ቢያንስ ሦስት ጊዜ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያም በቦዝ አንቀጾችና በ«ስለ» እየተጠቀማችሁ የአሠራሩን ገለጣ በአንድ አንቀጽ ጻፉ። የጻፋችሁትን ለባለሙያው አንብቡለት፤ የሚያርመውንም ሁሉ በኅዳጉ ላይ መዝግቡ።