የያዝኩት 2 ስንት ብር ነው?

መርካቶ፣ ጭድ ተራ ላይ ዕቃ ዘርግቶ የሚሸጥ አንድ ልጅ እናስብ። አንዱ 35 ብር ነው። «አራቱን ስጠኝ» ሲሉት እጁ ዕቃውን እያነሳ «ሁለቱ 70፣ አራቱ 140» ይላል። 200 ብር ቢሰጡት 60 ብር ይመልሳል። ያው ልጅ ክፍል ገብቶ ሰሌዳ ላይ «35 ሲባዛ በ4» ሲያይ ግን ይደናገራል። አስተማሪውም «ይሄ ልጅ ሒሳብ አይገባውም» ብሎ ያልፈዋል። ይህ ፍርድ ብዙ ልጆችን ከትምህርት ያስቀረ ይመስለኛል።

ችግሩ የመርካቶ ብቻ አይደለም። ተሬዚኛ ካራኸር፣ ዴቪድ ካራኸርና አናሉሲያ ሽሊማን የተባሉ ተመራማሪዎች በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ በገበያ የሚሠሩ 5 ልጆችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1985 ውጤቱን አሳትመዋል። ልጆቹ ገበያ ላይ ከተጠየቁት 98 በመቶውን በትክክል መለሱ። ተመሳሳዩ ስሌት ያለ ዕቃና ያለ ገንዘብ፣ በቁጥር ብቻ ሲቀርብላቸው ግን የመለሱት 37 በመቶውን ያህል ነበር። ኮኮናት የሚሸጠው አንዱ ልጅ የአራት ኮኮናት ዋጋ 140 መሆኑን ገበያ ላይ ተናግሮ፣ ወረቀት ላይ ግን 35 በ4 ሲያባዛ 200 ጻፈ።

200 ከየት መጣ? 4 ጊዜ 5፣ 20 ነው፤ 0 ጽፎ 2 ያዘ። ቀጥሎ 3ቱን በ4 አባዝቶ የያዘውን መደመር ሲገባው፣ አስቀድሞ 2ን ከ3 ጋር ደምሮ 5 አደረገውና በ4 አባዛው። ገበያ ላይ እንዲህ ሊሳሳት አይችልም፤ ሁለቱ 70 መሆናቸውን እያወቀ ለአራቱ 200 አይጠይቅም። ወረቀቱ ላይ ግን 3 ሠላሳ መሆኑ፣ የተያዘው 2 ደግሞ ሃያ መሆኑ ጠፋበት። ጭድ ያልገባበት ጭቃ ግድግዳ ላይ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ትርጉሙ ሳይገባ የተሸመደደ ስሌትም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ ልጁን መጀመሪያ «እንዴት አሰብከው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የተናገረውን እንዳለ ይጻፈው፤ 35 እና 35፣ 70፤ 70 እና 70፣ 140። ቀጥሎ 35ን ወደ 30 እና 5 ይክፈለው። 30 በ4፣ 120፤ 5 በ4፣ 20። መያዝ የሚባለው ነገር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይህን በሚገባ የሚያስተምር ማን ነው? በዚያው መንገድ ያለፈ ሰው ነው፤ እኔ የጎዳና ልጆችን ያስተማረውን አስፋው የምሩን አስባለሁ። ገና በ9 ዓመቱ ከቡልጋ ብቻውን አዲስ አበባ መጥቶ ጎዳና ላይ አደረ። ኋላ ከመርካቶ ብዙም በማይርቀው በጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳሪ ተማሪ ሆነ። ከተማሪዎች ማዕድ የተረፈውን ምግብ እየለመነ ውጭ ለተራቡት ልጆች ያድል ነበር። ልጆቹ ትምህርትም ፈለጉ፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ ራሱ ገና ተማሪ ሳለ፣ ከዛፍ ሥር ያስተምራቸው ጀመር። ቁጥራቸው እየበዛ ሄዶ በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሰረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት ተመሠረተ። ስሙ የሐዋርያት ፈለግ ማለት ነው። ክፍያ አይጠየቅም፣ ልጅ አይገረፍም ነበር፤ ልጆቹ ከፊደሉ ጎን የእጅ ሥራም ይማሩ ነበር። በ1993 ዓ.ም. የዓለም የሕፃናት ሽልማት ተሰጠው፤ ያረፈው በ2013 ዓ.ም. ነው።

ተማሪ ተማሪን ማስተማሩ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ትልልቆቹን እያስቀጸሉ፣ ትልልቆቹ ታናናሾቹን ፊደል ያስቆጥራሉ። አርጩሜው ቢቀር ኖሮ እንዴት ያለ ሀብት ነበር! ትናንት የተደናቀፈ ልጅ ዛሬ ጓደኛው የት እንደሚደናቀፍ ያውቃል። ሕጉን ከመድገም ይልቅ አጠገቡ ተቀምጦ ጣቱን ቁጥሩ ላይ ያሳርፍና ይጠይቀዋል፤ «ይሄ የያዝከው 2 ስንት ብር ነው?»

«ሃያ።»

«እንግዲያ ከ120 ጋር ደምረው።»