«ፋይል» ማድረግና መክፈል ለየቅል ናቸው

እዚህ አሜሪካ ኤፕሪል 15 ሲቃረብ ባለታክሲውም ባለሱቁም «ታክስ ፋይል አደረግህ?» ይባባላል። ለመሆኑ ቃሉ ምን ማለት ነው?

ሥሩ የላቲኑ «ፊሉም» ነው፤ ክር ማለት ነው። ቀድሞ ወረቀቶች በክር ወይም በሽቦ ተሰክተው በተርታ ይቀመጡ ነበርና፣ «ፋይል» ሰነድን በቦታው ማኖር፣ ቀጥሎም ለመሥሪያ ቤት በደንቡ ማስገባት ሆነ። የፍርድ ቤት ክስም የኢሚግሬሽን ማመልከቻም የሚገባው በዚሁ ቃል ነው። ብረት የሚሞረድበት «ፋይል» ግን ሥሩ ሌላ ነው።

ልብ ይበሉ! ፋይል ማድረግ ማስገባት እንጂ መክፈል አይደለም። «ገንዘብ የለኝም» ብለው ቅጹን ካስቀሩ፣ አይ አር ኤስ ካልተከፈለው ታክስ ላይ በየወሩ 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ድረስ ይቀጣል። በቀኑ አስገብተው ክፍያው ብቻ ከዘገየ ግን ቅጣቱ በወር ግማሽ በመቶ ነው። 4,000 ዶላር ዕዳ ላለበት ሰው ልዩነቱ በወር 200 ወይም 20 ዶላር መሆኑ ነው፤ ወለዱ በሁለቱም ላይ ይታሰባል። ቅጽ 4868 እስከ ኦክቶበር 15 የሚያራዝመውም የማስገቢያውን ቀን እንጂ የመክፈያውን አይደለም።

ስለዚህ ኪስዎ ባዶ ቢሆንም ቅጹን በቀኑ ያስገቡ፤ የቻሉትን ይክፈሉ፤ ለቀሪው በየወሩ ለመክፈል ስምምነት ይጠይቁ። ያስገቡበትን ማስረጃም ከቅጂው ጋር ይያዙ።